ካፋ የሚለው ስም የማን ነው?

ባለቤቴ የቦንጋ ልጅ በመሆኑ በዓል በመጣ ቁጥር ከአማቴ ዘንድ ጆንያ ይደርሰናል፤ የጫካ ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ። ጆንያው ላይ ምንም አልተጻፈም። ለእኛ አያስፈልግም፤ የማን እንደሆነ እናውቃለን። ችግሩ የሚመጣው ያው ቡና ለገበያ ሲወጣ ነው። በቅርቡ ከሰፈራችን ሱፐርማርኬት የገዛሁት የታሸገ ቡና የአሻጊውን ስም በትልቁ ጽፎ፣ ከሥሩ «ምርጥ የኢትዮጵያ ቡና» ይላል። ከየት እንደተለቀመ ግን አንድም ቃል የለውም።

ስም ገንዘብ መሆኑን መንግሥት ካወቀው ቆይቷል። በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም በዓለም ዙሪያ ተሰማ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ የስሞቹ ባለቤት ኢትዮጵያ መሆኗን ተቀብሎ ፈረመ። ፈቃዱ የሮያሊቲ ክፍያ አልነበረውም። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር፤ የታሰበው ግን ስሞቹ በገዢው ዘንድ ከታወቁ ዋጋው ራሱ ይነሳል ተብሎ ነው።

ብዙ አገሮች እንዲህ ላለው ምርት የሚመርጡት የመልክዓ ምድር አመልካች የሚባለውን ጥበቃ ነው። እሱ ግን እያንዳንዱ ኩንታል ከየት እንደመጣ መቆጣጠርን ይጠይቃል። የእኛ ቡና ደግሞ ከሚሊዮኖች ጓሮ፣ አንዳንዱም በሰው ትከሻ የሚወጣ ነው። የንግድ ምልክት መመረጡ ለእኔ ትክክል ነበር።

ካፋ ግን ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም። የካፋ ነገር ለየት ይላል። ስዊድኖችና ዴንማርኮች ቡናን «ካፌ» ወደሚለው በሚጠጋ ቃል ይጠሩታል፣ ሰርቦች «ካፋ» ይሉታል። ቃሉ ከእኛ ካፋ ነው የመጣው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ከዓረብኛው «ቀህዋ» ነው ይላሉ። የትኛውም ይሁን፣ የዕቃውን ዓይነት ብቻ የሚናገር ቃል በንግድ ምልክትነት ለመመዝገብ ያስቸግራል። ዓለም እስኪለምደው ድረስ የታወቀ ስም መያዝ እንዲህም ይጎዳል! ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ደኑ ተጠበቀ፤ ስሙ ግን ጠባቂ ይፈልጋል።

እዚሁ አገር ቤት የሚሠራ ነገር አለ። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ማኅበራት አባሎቻቸው በጋራ የሚጠቀሙበትን ምልክት ማስመዝገብ ይችላሉ። የጎደለው ማመልከቻውን የሚያግዝ ባለሙያ በየወረዳው መገኘቱ ነው፤ አርሶ አደር አዲስ አበባ ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ፎርም ሊሞላ አይችልም።

የባለቤቴ እህት የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ናት። ባለፈው ስንደዋወል ስለዚህ ጉዳይ አነሳሁላት። «ምልክት ከተሠራ ‹ቡኖ› ይባልበት» አለችኝ ወዲያው፤ በካፊኛ ቡና ማለት ነው። «ከጎኑ ቦንጋ ተብሎ ይጻፍ። ሥዕሉን እናንተ አስቡበት፤ ብቻ ጀበና እንዳይሆን፣ ጀበና ሁሉም ላይ አለ።»