በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የበላነው እራት

በአዲስ አበባ ከተማ፣ ፒያሳ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ያሠሩት ሆቴል ይገኛል። የተሠራው በ1898 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል እርሱ መሆኑ የታወቀ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ወለሉና ደረጃው ደግሞ እንጨት ስለ ሆነ ሰው በተራመደበት ቍጥር ድምፅ ይሰጣል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከባድ ቃጠሎ ደርሶበት ከፊሉ ተቃጥሎ ነበርና፣ ኋላ ተጠግኖ እንደገና እንግዳ ለመቀበል በቃ። በከተማው ከእርሱ የበለጡ፣ በመስተዋት ያሸበረቁ ሆቴሎች ብዙ ናቸው። እኛ ግን አባታችንን እራት ለመጋበዝ ባሰብን ጊዜ ከእርሱ በቀር ሌላ ቤት አልመረጥንም።

አባታችን በአዲግራት አጠገብ በሚገኝ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ በኋላ መንገዱ፣ ባንኩና ስልኩ ተዘግቶ ስለ ነበር፣ ከጥቂት ጊዜ በቀር ሁለት ዓመት ያህል ድምፃቸውን ሳንሰማ ኖርን። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ መቀሌ የሚደረገው በረራ እንደገና ተጀመረ፤ እርሳቸውም በጥር ወር ዐይናቸውን ለመታከም ወደኛ መጡ። በአውሮፕላን ማረፊያ ስንቀበላቸው፣ በጋቢያቸው ውስጥ የነበረው ሰውነት እጅግ ቀንሶ አገኘነው። ስለዚህ ነገር እርሳቸውም አላነሡ፣ እኛም አልጠየቅንም። ነገር ግን በቤታችን የሚቀርብላቸውን ምግብ ሁልጊዜ ግማሹን ይተዉና «ለነገ ይቀመጥ» ይሉ ነበር። ለነገ ይቀመጥ ሊባል ወደማይቻልበት ቦታ ወስደን ጠግበው ሲበሉ ለማየት የፈለግነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ምግብ ወደሚሸጥበት ቤት እንሂድ ብንላቸው እሺ እንደማይሉ እናውቃለን። በእርሳቸው ዘንድ ለእንግዳ እንጀራ ሸጦ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው። ስለዚህ «ወደ እቴጌ ጣይቱ ቤት እንሄዳለን» አልናቸው።

«በመቀሌ ውሃውን ያስያዙት እቴጌ?» ሲሉ ጠየቁን።

በ1888 ዓ.ም. በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተከበበው የጣልያን ጦር ውሃ እንዲያጣ ያደረጉት እቴጌ ጣይቱ መሆናቸውን ከአያታቸው ሰምተው ኖረዋል። እርሳቸው ናቸው ብለን ብንመልስላቸው፣ ነጩን ልብሳቸውን አስወጥተው ለበሱ።

በገበታው ላይ ሹካና ቢላዋ በሥርዓት ተደርድሮ ነበር። እኛ በልጅነታችን ከሚስዮን ትምህርት ቤት ስንገባ፣ መምህሮቻችን ሹካን በግራ እጅ መያዝን ከሰዋስው ጋር አንድ ላይ አስተምረውናል፤ አባታችን ግን በሰው ፊት እንዳያፍሩ ሰጋን። እርሳቸው ሹካውን አንሥተው ወደ ዐይናቸው አቀረቡና «ይህማ የእኛው ነው፤ ጣቱ በዛ እንጂ» አሉ። እውነታቸውን ነው። የአጋሜ ሰው ጥሕሎ ሲበላ፣ ከተቈላ ገብስ ዱቄት የተድቦለቦለውን እንክብል ሁለት ጣት ባለው እንጨት እየወጋ ከወጥ ውስጥ እያጠቀሰ ይጐርሳል። ሹካ በመያዝ ሽማግሌው ይቀድሙን ኖሯል!

ሾርባው በደኅና ተጠጣ። ቀይ ወጥ በእንጀራ በቀረበ ጊዜ ግን አባታችን እጃቸውን ሰበሰቡ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፣ ከበስተኋላቸው ቆሞ ወደሚያስተናግደን ወጣት አመለከቱን። ሰው ቆሞ እያየ እንዴት ይበላል? በትግርኛ ቅረብ አሉት፤ እኛም ተረጐምንለት።

«አባባ፣ በሥራ ላይ ነኝ፤ እርስዎ ይብሉልኝ» አለ ልጁ በትሕትና።

«ሥራ የሆነብህ የእኛ መብላት ነው፤ እንግዲያው ብላ።»

ልጁ ወዲያና ወዲህ ተመለከተ። የሚያየው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ጐንበስ ብሎ ትልቅ ጉርሻ ተቀበለ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎም ሁለተኛው ተጨመረለት። ከዚያ በኋላ አባታችን ትሪው እስኪጠራ ድረስ በሉ። ስለ ነገ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኛ እራታችንን ምን ያህል እንደበላን አናስታውስም።

ቡና በምንጠጣበት ጊዜ፣ ሳናስብ ችግሩን የጠራን እኛው ነን። ስለ ቤቱ የሚተረከውን ታሪክ አነሣንላቸው። ሆቴሉ ሲከፈት ሰው ለምግብ ገንዘብ መክፈልን ስለ ተጸየፈ፣ አጼ ምኒልክ ራሳቸው ከመኳንንቱ ጋር መጥተው በልተው እንደ ማንኛውም ሰው ሒሳባቸውን ከፈሉ ይባላል። አባታችን ይህን ሰምተው ጥቂት አሰቡ።

«ጃንሆይ ከከፈሉ፣ እኛ ማን ነንና ዝም ብለን እንወጣለን?» አሉና፣ ከመቀነታቸው ጫፍ የተቋጠረ ጨርቅ ፈቱ። ዐሥራ ሁለት ባለ መቶ ብር ኖቶች ነበሩ፤ በጀርባቸው በማይክሮስኮፕ የሚመለከት ሰው ያለባቸው፣ አሮጌዎቹ።

የብር ለውጥ የታወጀው በመስከረም 2013 ዓ.ም. ነው። ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሳያልቅ ጦርነቱ ተነሣና በእነርሱ አገር ባንኩ ተዘጋ። አባታችን ይህን ገንዘብ ያገኙት ማር ሸጠው ነበር፤ ያንን ሁሉ ጊዜ በጎታ ውስጥ ደብቀው አቆይተውታል። እህል በጠፋበት ወራት እንኳ አላወጡትም፤ «ለልጄ ነው» ይሉ እንደ ነበር እናታችን ኋላ ነገረችን። ዐይናቸው በመድከሙ ምክንያት፣ በከተማው የሚዘዋወረው ኖት ከእርሳቸው የተለየ መሆኑን አላስተዋሉም።

ሒሳብ የሚለው ቃል በትምህርት ቤት መደመርና መቀነስ ማለት ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደረሱብን። ብሩን በሁለት እጃችን ተቀብለን፣ እጅ ነሥተን፣ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄድን። የአባታችንን በደረት ኪሳችን አኑረን፣ ዘጠኝ መቶ ሠላሳውን ብር ከራሳችን ከፈልን።

ስንመለስ «መልስ የለውም?» አሉን።

አለው አልናቸው። ሁለት መቶ ሰባ ብር ከኪሳችን አውጥተን በመዳፋቸው ላይ አኖርን። በጣታቸው እያሹ አንድ በአንድ ቈጠሩና፣ የቆመውን ልጅ ጠርተው ሁሉንም ሰጡት። ልጁ ከሩቅ ሆኖ ነገሩን ተመልክቶ ኖሮ፣ ገንዘቡን ይዞ ወደ እኛ አየ። ራሳችንን ብንነቀንቅለት የአባታችንን ጉልበት ስሞ ተቀበለ።

በደረጃው ስንወርድ «እቴጌ ደኅና ቤት ሠርተዋል፤ ዋጋውም አይጎዳም» አሉን።

ዐይናቸው ታክሞ ከዳነ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ሰፈር ብዙው ሲፈርስ ወሬውን ሰምተው ደውለው ነበርና፣ ያ እራት የበላንበት ቤት መቆሙን ነገርናቸው። ዐሥራ ሁለቱ ኖቶች በመዝገበ ቃላታችን ውስጥ ተቀምጠዋል። አባታችን ስለ እነርሱ ጠይቀውን አያውቁም፤ ባለፈው ፋሲካ ግን አዲሱን መቶ ብር ከዐይናቸው አርቀው ይዘው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱት አይተናል።