ቲ ሴል ምን ያያል?

ጥቅምት 11
ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ ዋልኩ። ናሙናው የኦቫሪ ካንሰር ነው፤ ኤችኤልኤ (የፕሮቲን ቁራጮችን በሴሉ ገጽ ላይ የሚያሳየው ሞለኪውል) ያለበት ቦታ ቡናማ ሆኖ እንዲታይ ተቀብቷል። በአንዱ ጥግ የካንሰሩ ሴሎች ጥርት ያለ ቡናማ ናቸው። ስላይዱን ትንሽ ገፋ ሳደርገው ግን ሰማያዊ ኒውክሊየስ ብቻ ቀረ። ቀለሙ ከሽፎ እንዳልል እዚያው መሀል ያሉት ደም ሥሮች ቡናማ ናቸው። የአንዲት ሴት አንድ ዕጢ ነው እንግዲህ!

ጥቅምት 13
እትዬ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ጎረቤታቸው በዚሁ በሽታ ታመዋል። «ያ ለሳንባ ካንሰር የሚሰጡት መርፌ ለእሷስ አይሆንም? አንቺ እዚያው አይደለሽ?» አሉኝ።

መርፌው የሚሠራው በቲ ሴል፣ በሽታን በሚከላከለው ነጭ የደም ሴል፣ በኩል ነው፤ ቲ ሴል ግን የካንሰር ሴልን ውስጡን ዘልቆ አያይም። ሴሉ የራሱን ፕሮቲኖች ይቆራርጣል፤ ታፕ የሚባለው ማጓጓዣ ቁራጮቹን ያሻግራል፤ ከዚያ ኤችኤልኤ ላይ ተጭነው ወደ ሴሉ ገጽ ይወጣሉ። ቲ ሴሉ የሚመረምረው ይህንኑ ነው። የዚህን መሠረት ዶኸርቲና ዚንከርናገል በ1974 እ.ኤ.አ. ካንቤራ ውስጥ በአይጥ ላይ አሳዩ፤ በ1996ም ኖቤል አሸለማቸው። ለእትዬ ግን «በር ላይ መታወቂያ እንደሚያይ ዘበኛ ነው» አልኳቸው።
«ታዲያ ሌባው መታወቂያውን ደብቆ ነዋ!»
ከኛ ሴሚናር የተሻለ ማጠቃለያ ነው።

ጥቅምት 16
ቲ ሴልን ቀስቅሶ ካንሰርን የማከም (የኢሚውኖቴራፒ) ተስፋ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው የፊላደልፊያ ጥናት የ186 ሴቶችን ናሙና መርምሮ ነበር፦ ዕጢያቸው ውስጥ ቲ ሴል ከገባላቸው መካከል ከመቶ 38ቱ አምስት ዓመት ሲኖሩ፣ ካልገባላቸው ግን 4.5 ብቻ። ከዚያ እትዬ ያሉት ዓይነት መርፌ፣ ፔምብሮሊዙማብ፣ መጣ፤ በሽታው ባገረሸባቸው 376 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ዕጢው በደንብ የቀነሰላቸው ከመቶ 8 ገደማ ናቸው። መድኃኒቱ የቲ ሴሉን ፍሬን ይለቃል እንጂ የሚያየው ነገር አይሰጠውም። ጥፋቱ ሁሉ የኤችኤልኤ ነው አልልም። የዚህ ካንሰር ሚውቴሽን ከሳንባው ያነሰ ነው፤ በዙሪያውም ቲ ሴልን የሚያፍኑ ሴሎች ሞልተዋል።

ጥቅምት 20
የኤችኤልኤ መጥፋትም ዓይነት አለው። ጂኑ ዝም ብሎ ከሆነ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለው የመከላከያ ሴሎች ምልክት ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ተቆርጦ ከወደቀ ግን የሚቀሰቀስ ነገር የለም። ለዚያኛው እንደ ካር-ቲ ያለ፣ ኤችኤልኤን የማይጠብቅ ሕክምና መፈለግ ይሻላል። ሁለቱን ለይቶ ሳያውቁ ሴቶችን በአንድ ሙከራ መደባለቅ አይገባም። ናሙናው በእጃችን አለ፤ አንድ ቀለምና አንድ የጂን ምርመራ መጨመር ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ይህ ሳይደረግ «ኢሚውኖቴራፒ ለኦቫሪ አልሠራም» ብሎ መጻፍ ችኮላ ነው።