ስንት ሆነው ሄዱ?

አንጋፋ የፈረንጅ ሮክ ባንድ ለጉዞ ሲነሳ ወሬው የታወቀ ነው። የትኞቹን ከተሞች ያዳርሳሉ፣ ትኬቱ በስንት ደቂቃ አለቀ፣ የጊታሪስቱ ጣት ተሻለው ወይ፣ ድራመሩ ከድምፃዊው ጋር ታርቋል ወይ። ሮሊንግ ስቶንስ ከ1962 ጀምሮ ሲዞሩ ኖረዋል (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። ሚክ ጃገር ሰማንያ ዓመት ሞልቶትም መድረክ ላይ ሲሮጥ ታይቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን «ለመሆኑ ቤታቸው ተመልሰው ይሆን?» ብሎ የተጨነቀላቸው የለም። እኛ አገር የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

በቅርቡ አንድ የአዲስ አበባ ባንድ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሊሄድ ነው የሚል ማስታወቂያ አየሁና ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። የምንኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። እሳቸው በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው።

«ስንት ሆነው ነው የሚሄዱት?» አሉኝ።

«ስምንት ናቸው ጋሼ።»

«ስንቱ ባለትዳር ነው?»

«እሱን ማስታወቂያው አይልም።»

«እንግዲያው ወሬህ ጎዶሎ ነው» ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ።

ሰው የዚህን ጥያቄ መነሻ ሲፈልግ ደርግ ላይ ደርሶ ይቆማል። እኔ ግን ከዚያ አልፌ ከቤታችን በላይ ወዳለው የእንጦጦ ተራራ መውጣት ይሻለኛል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ከጎንደር በፊትም ሆነ ከጎንደር በኋላ ድንኳን ተካይ፣ ድንኳን ነቃይ ነበሩ። በሠፈሩበት ቦታ እህሉና ማገዶው ሲያልቅ ይነሳሉ። ንጉሡ ሲነሳ ነጋሪት መቺው ይነሳል፤ መለከትና እምቢልታ ነፊው ይነሳል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን አንግቶ ይከተላል። በዛሬ አነጋገር መንግሥቱ እንዳለ ቱር ላይ ነበር። የባንዱን ወሬ የሚያወራ ጋዜጣም አላስፈለገም፤ የማን ጌታ ቸር እንደሆነ፣ የማን ሚስት እንደኮበለለች ለአገሩ የሚያደርሰው ራሱ አዝማሪው ነበርና። ዛሬ ዘፋኙ ወሬ ሆኖ ሌላው ያወራዋል፤ ያን ጊዜ ወሬው በዘፋኙ እጅ ነበር።

ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲከትሙም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ተራራው ለጦር ምቹ፣ ለኑሮ ግን ብርዳም ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ ወርደው ቦታውን ወደዱትና በ1886 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን አዲሲቱ ከተማም እንጨቷን ጨረሰች። ምኒልክ እንደ አባቶቻቸው ሊነሱ ፈልገው ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ጉዞውን ያስቀረው ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ እንግዳ ቶሎ ቶሎ እየበቀለ ለከተማዋ ማገዶና ምሰሶ ሆናት፤ መንግሥቱም በዚያው ቁጭ አለ። እንጦጦን አሁን የሚያይ ሰው ተራራው ከፍጥረቱ ባሕር ዛፍ ለብሶ የተወለደ ይመስለዋል። በጠዋት አንድ ወገን ሯጮች ጆሯቸው ላይ ሙዚቃ ሰክተው ይወጣሉ፤ ሌላው ወገን ሴቶች ጀርባቸው እስኪጎብጥ ጭራሮ ተሸክመው ይወርዳሉ። ከ2020 ወዲህ ደግሞ በዛፉ መሐል የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ማኪያቶ ይጠጣል።

መጥቶ መቅረት ለዚህ ተራራ ግርጌ ልማድ ሆነ። ከአድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መልእክተኞች ተከታትለው ሲመጡ ምኒልክ ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። እንግሊዙ፣ ሩስያው፣ ፈረንሳዩ፣ ጣልያኑ ዛሬም የካ ውስጥ በየደናቸው ተቀምጠዋል። የእኛ ሠፈር ስምም ከዚያ የመጣ ነው። የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው የአድዋን ቁስለኞች አክመዋል፤ የምኒልክ ሆስፒታል ታሪክም የሚጀምረው ከእነሱ ነው። ለዚህ ወግ የሚያስፈልገኝ ግን ሌላው የሩስያ ስጦታ ነው። ዳግማዊ ኒኮላስ ለምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላከላቸው። ለመለከት ጆሮውን የሰጠ ቤተ መንግሥት ትራምፔትና ትሮምቦን ሲሰማ ምን እንዳለ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። መሣሪያዎቹ እንግዲህ መጥተው ቀሩ።

ቀጥሎ ሰዎቹ መጡ። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን የሙዚቃ ቡድን ሰሙና ወደዷቸው። አርባውንም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ የዮፍታሔ ንጉሤን ግጥም በዜማ አሰናድቶ፣ ከንግሥ በዓሉ ጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስ አገር ቆሞ የሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ደረሰልን። ኬቮርክ እዚሁ ቀረ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስም ተከተለውና የክብር ዘበኛውንም የቴአትር ቤቱንም ሙዚቀኛ ሲያስተምር ኖረ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ይፋዊ የመንግሥት ባንዳችን ራሱ ከውጭ ለሥራ የመጣ ባንድ ነው። የአርመን ጋዜጣ እንደ እኛ ቢሆን ኖሮ «ስንት ሆነው ሄዱ፣ ስንቱ ተመለሰ?» ብሎ የሚጠይቀው ያኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ሀገር ፍቅር። ሙዚቀኛው በአብዛኛው ወታደር ነው፤ ደሞዙም ማዕረጉም ከመንግሥት፤ ሲታዘዝ ክፍለ ሀገር ይዞራል፣ ሲታዘዝ ይመለሳል። አልመለስም ያለ ሙዚቀኛ ሙዚቀኛ ብቻ አይደለም፣ ከድቷል። ጎረቤቴ የጉዞን ነገር በቆጠራ የሚያዩት በዚህ የወታደር ሰፈር አድገው ይመስለኛል።

ወደ ሆቴሎቹ ዘመን ስንመጣ ባንዱ ደንብ ልብሱን አውልቆ ሱፍ ለበሰ። አይቤክስ ነበር፤ ኋላ ሮሃ የሆነው። ዳህላክ ነበር። ሂልተን ደግሞ ዋልያስ። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ ለባንዶቹ አንድ ያልታሰበ ነገር መጣላቸው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ክልክል ስለሆነ፣ ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም እስኪነጋ መጫወት አለበት። ትኬቱን ቆርጦ የገባ ታዳሚ በር ተዘግቶበት የሚያድርበት ኮንሰርት ሮሊንግ ስቶንስም አልሞከሩት። ዋልያሶች በ1977 ያወጡት «ቸ በለው» አልበም ላይ ያ የማያልቅ ሌሊት ይሰማኛል። ኦርጋኑ አይቸኩልም፤ የት ሊሄድ?

በ1981 ዋልያስ ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ እንዲህ ባሕር አቋርጦ አሜሪካን ሲዞር የመጀመሪያው ነበር። ፈረንጁ ግን አላወቃቸውም፤ አዳራሹ ውስጥ የተገኘው በአብዛኛው ከአገሩ የተሰደደው ሐበሻ ነው። ጉዞው ሲያበቃ ግማሹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። በእኔ አስተያየት ያን ቀን አንድ የቆየ ዕዳ ተከፈለ። ኢየሩሳሌም አርባ ሰጥታን ነበር፤ እኛ ለዋሽንግተን አራት ሰጠን። ሒሳቡ ባይመጣጠንም ጨዋ ሰው ተቀብሎ ዝም አይልም።

ግርማ በየነ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ። በ2017 ደግሞ አካሌ ውቤ ከሚባል የፓሪስ ባንድ ጋር አልበም አሳተመ፤ ፈረንሳዮቹ የእኛን ሙዚቃ ከድሮ ቅጂዎች ላይ ለቅመው የተማሩ ናቸው። የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ግን የሮክ ባንድ ወሬ ጸሐፊ ቢያገኘው ዓመት ሙሉ የሚበላው እንጀራ ነው። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረፀ፤ ቀስ በቀስም መድረኩን ተወው። ታክሲ ያዘ። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ እዚያው መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ያቺ ካሴት ባሕር ዳር አንድ አሜሪካዊ እጅ ገባች፤ በ2013 እንደገና ታትማ ወጣች፤ ኃይሉም ታክሲውን ሳይሸጥ እንደገና ዓለምን መዞር ጀመረ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» ተከታተሉ። «ላላ በሉ» ላይ ያጀቡት ድራመሩ ቶኒ ባክና ባሲስቱ ማይክ ማይኮውስኪ ናቸው። ሁለቱም አውስትራሊያውያን፤ ባሕር ዛፍ የላከችልን አገር ልጆች።

ዛሬ የእኛ ባንድ ጉዞ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በጾምና በቪዛ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አገር ቤት ሠርጉም ኮንሰርቱም ጭር ይላል። 55 ቀን ነው፤ ሙዚቀኛ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው የቤት ኪራይ አለበት። ስለዚህ ወይ ልምምድ ይቀመጣል፣ ወይ ባሕር ማዶ ሥራ ያፈላልጋል። ከፋሲካ በኋላ ይሞቃል። ሰኔ መጨረሻ ላይ በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ ከተማ እየቀያየረ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር አለ፤ ስሙ ኳስ ይሁን እንጂ ከሜዳው ይልቅ የሚጨናነቀው የማታው ዘፈን ነው። ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ ገና። ቪዛው የሚጠየቅበት የአሜሪካ ኤምባሲ ደግሞ፣ የት ይሆናል፣ እንጦጦ መንገድ ላይ ነው። እዚያ መስኮት ፊት የሚቆም ቤዝ ጊታር ተጫዋች ስለ ስምንተኛ ኖታ አይጠየቅም። ቤት አለህ? ሚስት አለችህ? ልጅስ? የሚመልስህ ምንድን ነው? ጎረቤቴ ከቡናቸው ቀና ሳይሉ የጠየቁኝን ቆንስላው በቅጽ ያስሞላል። ድምፃዊው ሲያልፍ ድራመሩ ይወድቃል፤ ድምፃዊው ብቻውን ይሄድና ዲሲ ያሉ ቀደም ብለው የቀሩ ሙዚቀኞች ያጅቡታል። ፖስተሩ ላይ ያለው ፊትም የእሱ ብቻ ስለሆነ ማንም ልዩነቱን አያውቅም።

ይህን የፖስተር ነገር ጃኖ ባንድ ሊቀይረው ሞክሯል፤ ለዚህ ነው የምወዳቸው። እኛ አገር ባንድ ማለት አጃቢ ማለት ነው፤ ስሙ ከታች በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ጃኖዎች ሴትም ወንድም ድምፃውያን ይዘው፣ የጊታሩን ድምፅ ሳይሸማቀቁ ከፍ አድርገው፣ ትዝታውንና አምባሰሉን ከሮክ ጋር አጋብተው በባንድ ስም ቆሙ። በ2012 የወጣውን «ኤርታሌ» አልበማቸውን ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላዝዌል ነው። ባንዱን ያቋቋመው አዲስ ገሠሠ ደግሞ ከቺካጎ የመጣ ሰው ነው። ወንድሙ ዘለቀ ቤዝ የሚጫወትበት ዳሎል የተባለው የሐበሾች ሬጌ ባንድ በ1988 የዚጊ ማርሊን «ኮንሸስ ፓርቲ» አጅቦ፣ አልበሙ ግራሚ አግኝቷል። ሄደው ከቀሩት ወገን የሆነ ሰው ተመልሶ አዲስ አበባ ውስጥ የሮክ ባንድ አቆመ ማለት ነው። ከዳሎል ወደ ኤርታሌ ቅርብ ነው፤ ሁለቱም አፋር ናቸው፤ በቺካጎ በኩል መዞር ግን የግድ አልነበረም።

አንዳንዱ አድማጭ «ይኼ ጩኸት የእኛ አይደለም» ይላቸዋል። ትራምፔቱ ከሩስያ፣ መምህሩ ከአርመን፣ የሚያሞቀን ማገዶ ከአውስትራሊያ በመጣበት ተራራ ሥር ተቀምጦ ይህን ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል።

እኔ የማዝነው ለተመለሱት ነው። በ1981 ስለቀሩት መጽሔት ጽፏል፤ ተመልሰው በሰዓት እላፊው ሌሊት መጫወቱን የቀጠሉትን ስም ከነመሣሪያቸው የሚጠራ ሰው ግን ብርቅ ነው። በዚህ ዓይነት መመለስ አያዋጣም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ባንዱ ተመልሶ አዲስ አበባ መድረክ ላይ ሲወጣ «በሩ ላይ የማውቀው ልጅ አለ» ብለህ በነፃ ለመግባት አትደራደር። ትኬትህን ቁረጥ። ከገባህ በኋላም ከድምፃዊው ጀርባ ያለውን የቤዝ ጊታር ተጫዋች ስም ጠይቅ።