የተሰጡት አራዊት

አራዊትን በየስማቸውና በየጠባያቸው ዘርዝሮ በአንድ መጽሐፍ ማኖር ሰው ከጥንት ጀምሮ የወደደው ሥራ ነው። ከጽርዕ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ አንበሳው ፈለጉን በጅራቱ እንደሚያጠፋ፣ ፊንክስም ተቃጥሎ ከዐመዱ እንደሚነሣ የሚተርከው አንባቢው ከአውሬው ጠባይ ለነፍሱ የሚሆን ምሥጢር እንዲቀዳ ብሎ ነው። ያን ጥንታዊ ፍቅር በዘመናችን ከወረሱት አንዱ ፖኬሞን የተባለው የጃፓኖች የቪዲዮ ጨዋታ ነው ብል፣ ጨዋታውን የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርጎ የሚቈጥር ሰው ይገረም ይሆናል፤ እኔ ግን ይህን የምለው ከልቤ ነው።

በ1965 እ.ኤ.አ. የተወለደው የጨዋታው አባት ሳቶሺ ታጂሪ ያደገው ከቶኪዮ ወጣ ብላ በምትገኘው በማቺዳ ሲሆን፣ አካባቢው ገና ማሳና ኩሬ ያልተለየው ስለ ነበር የብላቴናው ውሎ ሁሉ ነፍሳት ፍለጋ ነበር። ሌሎች ልጆች በዛፍ ልጥ ላይ ማር ቀብተው ጥንዚዛ ሲያጠምዱ፣ እርሱ ጥንዚዛ ቀን ቀን ከድንጋይ ሥር መተኛት እንደሚወድ አስተውሎ፣ ከዛፍ ግርጌ ድንጋይ አኑሮ ይሄድና ጧት ተመልሶ ድንጋዩን ገልበጥ እያደረገ ይለቅም ነበር። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ መስኩ በሕንፃ ተያዘ፣ ዓሣ ይጠመድበት የነበረውም ኩሬ የጨዋታ ማሽን አዳራሽ ሆነ፤ ታጂሪም እንዲህ ወዳለው አዳራሽ መመላለስ ጀምሮ የማሽኑን ጥበብ ወደደ።

ኋላም የኒንቴንዶ ጌም ቦይ የተባለው የጨዋታ መሣሪያ ወጥቶ ሁለት መሣሪያዎችን በኬብል ማገናኘት ሲቻል፣ ነፍሳት በሽቦው ውስጥ እየዳሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በኅሊናው ታየው። ከዚህ ራእይ የተወለዱት ቀይና አረንጓዴ የተባሉት ካሴቶች ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለገበያ ቀረቡ። ተጫዋቹ ልጅ የሚሰበስባቸውና የሚያዋጋቸው ፍጥረታት 151 ቢሆኑም ምልዐታቸው በአንዱ ካሴት ብቻ አይገኝም፤ አንዳንዱ በቀዩ፣ አንዳንዱም በአረንጓዴው ብቻ ስለሚኖር፣ ልጁ የቱንም ያህል ቢተጋ የጎደለውን የሚሞላለት ባልንጀራ ሳይፈልግ ስብስቡ አይፈጸምለትም።

ሰው ሁሉ የሚያየው ፍልሚያውን ነው። እሳት ሣርን፣ ሣር ውኃን፣ ውኃም እሳትን የሚረታበት ሥርዐት በእውነት ውብ ነው፤ ድል የተነሣውም ፍጡር ራሱን ስቶ ይወድቅ እንደ ሆነ እንጂ እንዳይሞት ታጂሪ ዐውቆ መወሰኑ የርኅራኄ ሥራ ነው። የእኔ ልብ የሚያርፈው ግን ልጆች ፍጥረታቱን በኬብሉ በሚለዋወጡበት በልውውጡ ላይ ነው። ካዳብራ የተባለውን፣ ማንኪያ ጨብጦ በአእምሮው ኃይል የሚዋጋውን ፍጡር እንመልከት፤ ጌታው ድል በድል ላይ ቢደርብለት፣ የመጨረሻው ወደ ሆነው ወደ 100ኛው ደረጃ ቢያደርሰው እንኳ፣ ከካዳብራነቱ ፈቀቅ አይልም። ወደ ፍጹም መልኩ፣ ወደ አላካዛም፣ የሚለወጠው ኬብሉን ተሻግሮ ሌላ ልጅ እጅ በገባባት በዚያች ቅጽበት ነው።

ይበልጥ የሚደንቀው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። በእነዚያ ካሴቶች የተሰጠ ፍጡር የመጀመሪያ ጌታውን ስምና ቍጥር ይዞ ይኖራል፤ አዲሱ ጌታ መጠሪያውን ሊያስለውጥ በጨዋታው ውስጥ ወዳለው ስም መርማሪ ሽማግሌ ቢወስደው፣ ሽማግሌው ስሙ እንከን የለውም ብሎ ይመልሰዋል። በባዕድ እጅ ሲዋጋ የሚያገኘው ልምድ አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚሆን ፈጥኖ ያድጋል፤ ነገር ግን አዲሱ ጌታ በየከተማው ድል ነሥቶ ተገቢውን ዐርማ ካልሰበሰበ፣ ፍጡሩ ትእዛዙን ችላ ብሎ በፍልሚያው መካከል ሊተኛበት ይችላል። መስጠትና መቀበል በቅጽበት ያልቃል፤ መታመን ግን ትዕግሥትና ድካም ይጠይቃል።

እነዚያ የቀድሞ ካሴቶች ትዝታቸውን የሚጠብቁት በውስጣቸው በተተከለች ትንሽ ባትሪ ነው፤ እርስዋ ያለቀች ዕለት ልጁ ያሳደጋቸው ሁሉ ይጠፋሉ፣ የሚተርፉትም ቀድሞ ለሌላ የሰጣቸው ናቸው፣ ያውም የተቀባዩ ባትሪ እስካለች ድረስ። ዛሬ የፍጥረታቱ ቍጥር ከ1000 አልፏል፣ ኬብሉንም ኢንተርኔት ተክቶታል፤ በመሰጠት የሚፈጸሙ ፍጥረታት ግን አሁንም አሉ። እንዲህ ያለው ፍጡር እንግዲህ የማን ነው? የሰጪው እንዳይባል የሚታዘዘው ለተቀባዩ ነው፤ የተቀባዩ እንዳይባል የሰጪው ስም አለበት። ጨዋታው በዚህ ነገር ፍርድ አይሰጥም፤ እኔም እንዲሰጥ አልሻም፤ ስጦታ ሁሉ እንዲህ የሁለት ሰው ሆኖ ቢኖር እመርጣለሁና።