«ፎርማት ይደረግ»

ኅዳር ውስጥ አንድ ዓርብ ማታ፣ እዚህ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ መብራት ሄዶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። አብሮት ሁሉም ነገር ተመለሰ፤ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሳሎን ያለው ራውተር። ያልተመለሰው የቤቱ ኮምፒውተር ዋይፋይ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። የራሱ ዋይፋይ ስለሌለው ከፊት ለፊቱ ባለው ዩኤስቢ ላይ ጥፍር የምታክል አዳፕተር ሰክተንለታል። አብሮን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ሲያበራው «ኤፍ1 ተጫን» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ፤ ተጫነና አለፈ። ቀኑ ተዛብቶ ስላገኘውም አስተካከለው። (ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።)

ባለቤቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ወርሃዊውን አልከፈልክም እንዴ?» ብላ ነው። ሁላችንም እንደዚያው ነን፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሩቅ ያለ ሰው ነው። ግን ስልኮቻችን በዚያው ዋይፋይ ዩቲዩብ ያጫውታሉ። መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሲፒዩውን ባጃጅ ላይ ጭኜ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሁለት ደቂቃ ያህል አየውና «ዊንዶው 10 ቆሟል፤ ፎርማት ተደርጎ እንደገና ይጫን» አለኝ። 500 ብር።

«ፋይሌስ?»

«ዲ ላይ ያለው አይነካም።»

እሺ ልል ስል የእናቴ ድምፅ ትዝ አለኝ። ከማረፏ ሁለት ዓመት በፊት ዘር ስታስቆጥረኝ በስልክ የቀዳሁት ነው፤ አርባ ደቂቃ ገደማ። ሰባት ትውልድ፣ ማን ከማን እንደተጋባ፣ የማን ልጅ የት እንደቀረ። ስልኩ ከተሰረቀ ወዲህ የቀረው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ ያለውም ዲ ላይ ሳይሆን ዴስክቶፑ ላይ፣ ማለትም ሲ ላይ። ሲፒዩውን መልሼ ባጃጅ ላይ ጫንኩት።

ልጁ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ያቆመው ግን ማሻሻያ መላኩን ነው። ትናንት ሲሠራ የነበረ ዋይፋይ በዚህ ምክንያት ዛሬ አይጠፋም።

ቤት ገብቼ ዲቫይስ ማናጀርን ከፈትኩ። «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ከሚለው ሥር የአዳፕተሯ ስም አለ፤ ጎኑ ላይ ቢጫ ምልክት። ስሟ ጭራሽ ባይኖር ኮምፒውተሩ አላያትም፣ ወይ ቀዳዳው ወይ እሷ ተበላሽተዋል ብዬ እጠረጥር ነበር። ቢጫ ምልክት ሲሆን ግን ያያታል፣ መግባባት ነው ያቃተው። አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ድራይቨሩ ጋ ነው። እኔም ቸኩዬ ድራይቨሩን አጠፋሁት።

ከዚያ ነው የገባኝ። አዲስ ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨር። አዳፕተሯን ስገዛ አብሮ የመጣ ትንሽ ሲዲ አለ፣ ሲዲ ማጫወቻ ግን የለንም።

መፍትሔው ኪሴ ውስጥ ነበር። የአንድሮይድ ስልክ በቻርጀር ገመዱ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፤ ከዚያ ሆትስፖት ያለበት ቦታ ገብቶ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ማብራት ነው። ኮምፒውተሩ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ ይቆጥረዋል፤ የዋይፋይ ድራይቨር አይጠይቅም። ገመዱ ግን ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ግማሽ ሰዓቴን በልቶብኛል።

ኮኔክሽኑ መጣ። ድረ ገጾቹ ግን እምቢ አሉ። አንዱም አይከፈትም። እዚህ ላይ ነው ተስፋ ልቆርጥ የነበረው፤ «ይሄኔ እውነትም ዊንዶው ይሆናል» ብዬ። ብሮውዘሩ ግን በትልቁ ጽፎልኝ ነበር፦ ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሦስት ጊዜ ሳላነብ ዘግቼዋለሁ።

ቀኑን ሳይ የእህቴ ልጅ ወር 3፣ ዓመት 2018 ብሎ ሞልቶታል። ልጁ አልተሳሳተም፤ ኅዳር 2018 ነው! ማሽኑ ግን ይህን ማርች 2018 ብሎ ነው የሚያነበው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደናል። ድረ ገጽ ደግሞ እንደ ቀበሌ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው ማረጋገጫ አለው። በ2018 ለሚኖር ኮምፒውተር በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ገና ያልተሰጠ ነው፤ ስለዚህ አላምንም ይላል።

ቀኑ መጀመሪያ ለምን ተዛባ? ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ሞታለች። ሶኬቱ ላይ መብራት እስካለ ድረስ ሞቷ አይታወቅም፤ መብራት ሲሄድ ሰዓቱም አብሮ ይሄዳል። ያ የኤፍ1 ጽሑፍ ይህንኑ ሊነግረን ነበር። ባትሪዋን ፒያሳ ከቁርስ ባነሰ ዋጋ ገዛኋት።

ቀኑ ሲስተካከል ድራይቨሩ በስልኩ በኩል ወርዶ ተጫነ። አዳፕተሯንም ከላላው የፊት ቀዳዳ አውጥቼ ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ካለው ሰካኋት። ሠራች።

አሁን ስለ ጥገናው ልጅ። ተናድጄበት ነበር፤ ግን ልክ ልሁን። «ቀኑ ተሳስቷል» ብሎ አስተካክሎ 300 ብር ቢጠይቀኝ እከፍለው ነበር? «ለዚች ነው እንዴ!» ብዬ የምጮህ ሰው ነኝ። ለፎርማት ሳልከራከር ልከፍል ነበር፤ ብዙ ሥራ ስለሚመስል። የእሱን ቀን የሚያዋጣው መመርመር ሳይሆን መደምሰስ እንዲሆን ያደረግነው እኛም ደንበኞቹ ነን። ቢሆንም ባለሙያ የሰውን ዓመታት ከማጥፋቱ በፊት «ዴስክቶፕህ ላይ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

ማታውኑ ቅጂውን ለወንድሞቼና ለእህቴ በቴሌግራም ላክሁት፤ አንድም ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። እሁድ ጠዋት ታላቅ እህቴ ደወለች። አርባውንም ደቂቃ ሰምታዋለች።

«እማዬ አምስተኛው ላይ አንድ ሰው ዘላለች» አለችኝ።