ዶርም የሌለው ተማሪ በቦንጋ

ስለ ተማሪ መኖሪያ ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው የዩኒቨርሲቲ ዶርም ነው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ ሌላው ቢጎድልበት አልጋ አያጣም። ከጊምቦ ወይም ከዴቻ ገጠር ቀበሌ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከተማ የሚገባው ግን ከአገሩ ልጆች ጋር ተዳብሎ ጓሮ ያለች ሰርቪስ ይከራያል፤ ስንቁ ሲያልቅ ቆጮውን ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ 18 ዓመት አልሞላውም፤ ውሉም የቃል ነው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ግን ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ቦንጋ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢተገበር እንኳ በቤተሰብ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ተማሪ ከመስከረም እስከ ሰኔ ኖሮ ክረምቱን አገሩ ይገባል። የአዋጁ ትኩረትም ውልና ዋጋ እንጂ ክፍሉ አይደለም። ዝናብ በማይለየው ቦንጋ የታጠበ ዩኒፎርም አልደርቅ ሲል የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ ይገባል። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፤ መስኮት በሌለው ክፍል የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ስለዚህ መስኮት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ መጸዳጃ ቤትና በባለሙያ የታየ የመብራት መስመር ለአከራይ በጎ ፈቃድ አይተዉም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግዴታ ያድርጋቸው። የአሥር ወር ውል፣ የክረምት ዕቃ ማስቀመጫ፣ ማታ ማጥኛ መብራት የመሳሰሉት ግን አከራዩ ወዶ የሚገባበት መመዘኛ ቢሆኑ ይሻላል። «በፈቃድ የተባለ ነገር እኛ አገር የት ደርሶ?» የሚል አይጠፋም። በእንግሊዝ የተማሪ ቤት አከራዮች በፈቃዳቸው የሚገቡበት ብሔራዊ ደንብ አለ፤ የገባው ይፈተሻል፣ ቅሬታ ይቀርብበታል፣ ካጠፋም ከአባላቱ ዝርዝር ይሰረዛል። ጉልበቱ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። እኛም ጋ ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈ የቤቶች ዝርዝር ካገኘ ደላላ አይፈልግም፤ ከዝርዝሩ የወጣ አከራይም ክፍሉ ጾሙን ያድራል።

ከበድ የሚለው ጥያቄ የኪራይ ጭማሪ ነው። እውነት ነው፣ መጸዳጃ መቆፈር ገንዘብ ይጠይቃል፤ ወጪውም ቆጮ ተሸክሞ በሚመጣው ልጅ ላይ ሊያርፍ ይችላል። መስኮት መክፈትና መቀርቀሪያ መግጠም ግን ያን ያህል አያስወጣም፤ ከዚያ ይጀመር። ለሌላው የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጥ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ላሟላ አከራይ የቤት ግብር ቢያቃልል አይከስርም። በትምህርት ዘመን መሃል ክፍል ማሸግ ግን ልጁን ሜዳ ላይ መጣል ነው።

የቦንጋ ማዘጋጃ ቤት፣ ርዕሳነ መምህራንና የየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት (ወተመህ)፦ የመጀመሪያውን ዝርዝር ለማውጣት አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለባችሁም፤ ከምዝገባ በፊት ተቀመጡበት።