ጭልፊት ለማየት ሦስት ሰዓት መንዳት

አገር ቤት ያደጋችሁ ጭልፊትን ታውቁታላችሁ። ጫጩት ነጥቆ እብስ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከልኳንዳ ቤት ከወጣ ሰው እጅ ሥጋ መንትፎ ይሄዳል። እኔም ሥጋ እየከተፍኩ የምኖር ባለ ሬስቶራንት ነኝና ከሱ ጋር ወዳጅነት አልነበረኝም። ታዲያ ይሄን ሌባ ለማየት ሦስት ሰዓት ነዳህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ነዳሁ።

ቦታው ሆክ ማውንቴን ይባላል፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኬምፕተን አጠገብ ነው። እኔ ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስቼ የሄድኩት በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤትም ሬስቶራንቱም ዝግ በሆኑበት አንድ ሰኞ፣ ከትንሹ ልጄ ጋር ነው።

ሞቅ ያለ ቀን እንጠብቅ እንዳትሉ። ወፎቹን የሚያመጣቸው ብርዱ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ከተራራው ሰንሰለት ጋር ሲላተም ሽቅብ ይወጣል፤ እነሱም ክንፋቸውን ዘርግተው በዚያ ላይ ተሳፍረው ወደ ደቡብ ይነጉዳሉ። ክንፍ ማራገብ ብዙም የለም፣ ነዳጅ ቆጣቢዎች ናቸው። እኛ ግን ዓለት ላይ ተቀምጠን ነው የምንጠብቃቸው። ወፍራም ጃኬት ለብሼ ጋቢ ደረብኩበት፤ ቀረፋ ሻይ በቴርሞስ፣ ቆሎ በኪስ። ቆሎው ጎረቤቶቻችን ዘንድ ቶሎ አለቀ።

አናቱ ላይ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ከኦገስት 15 እስከ ዲሴምበር 15 በየቀኑ ይቆጥራሉ፤ በዓመት በአማካይ 18,000 ገደማ አዳኝ ወፍ ያልፋል። አንድ እንጨት ላይ የፕላስቲክ ጉጉት ተሰቅሏል። ትንንሾቹ ጭልፊቶች ጉጉት ጠላታቸው ስለሆነ ሊያጠቁት ዝቅ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ፊት ለፊት ታዩአቸዋላችሁ።

ዱሮ እዚሁ ዓለት ላይ ሰው የሚቀመጠው ጠመንጃ ይዞ ነበር። ዶሮና አደን ይፈጃሉ እየተባለ በመቶዎች ይገደሉ ነበር። ከ1929 ጀምሮ ደግሞ ጎስሃውክ የተባለውን ጭልፊት ለገደለ ግዛቱ 5 ዶላር ይከፍል ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን 5 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም። በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የምትባል የኒው ዮርክ ሴት ተራራውን ተከራየች፣ ኋላም ገዛችው። ሞሪስ ብራውንን ጠባቂ አድርጋ ቀጠረችው፤ በር ላይ ቆማ ባለ ጠመንጃዎቹን የምትመልሰው ግን ሚስቱ ኢርማ ነበረች። ለልጄ ይሄን ስነግረው "ብቻዋን?" አለኝ።

ቆጠራውም ለወግ አይደለም። ሬቸል ካርሰን በ1962 ባወጣችው መጽሐፍ የራሰ ነጩ ንስር ጫጩቶች መቀነሳቸውን ያስረዳችው በዚህ ተራራ መዝገብ ጭምር ነው። ሰበቡ እኛም ለወባ የምናውቀው ዲዲቲ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በ1972 ታገደ። ዛሬ ያ ንስር ተመልሷል፤ እኛም ሁለት አየን።

እኩለ ቀን ላይ ልጄ ክንዴን ያዘኝ። ወርቃማው ንስር ነበር፣ ሰፊ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ሲዞር ማጅራቱ ወርቅ የሚመስል። ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። ካሜራውን ያነሳው ልጄ ነው፤ ከሃያ ፎቶ ሁለቱ ጥርት ብለው ወጡ።

ፎቶ ለምትወዱ፦ ስልክ ነጥብ ብቻ ነው የሚያሳያችሁ፤ ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል። ፍጥነቱን ከ1/1000 ሰከንድ አታውርዱት። ሰማዩ ነጭ ሲሆን ወፉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ስለሚቀር ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ትርፍ ባትሪ ደረት ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ብርድ ይጨርሰዋል።

መግቢያ ይከፈላል። ላይኛው አናት ድረስ አንድ ማይል ያህል ድንጋያማ መንገድ አለው። እናትና አባታችሁን ከወሰዳችሁ ሳውዝ ሉክአውት የሚባለው ለመግቢያው ቅርብ ነው፤ እዚያ አስቀምጧቸው፣ ጋቢውንም ለእነሱ ተዉላቸው።